ከሁለት አገር የተመለሱ መሐንዲሶች

በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ምሕንድስና ለመማር ባሕር ተሻግረው ከሄዱት ኢትዮጵያውያን መካከል ከፍ ያለውን ቁጥር የተቀበሉት አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ናቸው። ሁለቱ ሲነጻጸሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ፖለቲካው ነው። ለሙያው ግን ከፖለቲካው ይልቅ ረጅም ዕድሜ የነበረው ተማሪው ይዞት የተመለሰው የመለኪያ፣ የደንብና የንድፍ ልማድ ነው።

አሜሪካ ቀደመች። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካውያን ባለሙያዎች ርዳታ ሲቋቋም የሥራው ደንብና የሪፖርቱ አጻጻፍ የአሜሪካን መልክ ያዘ። በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተው የምሕንድስና ኮሌጅ የሚወጣውም ምሩቅ እንግሊዝኛውን አስቀድሞ ያውቀው ስለነበር ለከፍተኛ ትምህርት ወደዚያው ማምራቱ አያስገርምም።

ሶቪየት ኅብረት በሯን በሰፊው የከፈተችው በ1952 ዓ.ም. በሞስኮ የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲን ስታቋቁም ነው፤ በዓመቱ የፓትሪስ ሉሙምባ ስም ተሰጠው። በ1955 ዓ.ም. በርሷ ርዳታ የታነጸው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ሥራ ጀመረ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ፣ ይልቁንም በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረው ግንኙነት ከሻከረ ወዲህ፣ የነጻ ትምህርቱ ሚዛን ወደ ምሥራቅ አጋደለ።

ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄደው ተማሪ አንድ ዓመት ሩስኛ ይማራል፤ ከዚያም አምስት ዓመት ከአንድ ሙያ አይወጣም። በየጊዜው ለተግባር ልምምድ ወደ ሥራ ቦታ ይላካል፤ በመጨረሻም የዲፕሎማ ፕሮጀክቱን በመንግሥት ኮሚሲዮን ፊት ቆሞ ይሟገትበታል። ማደሪያውና አበሉ የመንግሥት ነው። የአሜሪካው ተማሪ በአራት ዓመት የክሬዲት ሰዓቱን ያሟላል፤ ከትምህርቱም ከፊሉን ራሱ ይመርጣል። የነጻ ትምህርት ያላገኘው ሳህን እያጠበም ቢሆን ክፍያውን ይሸፍናል። አንድ መሐንዲስ ዛሬ መንገድ፣ ነገ የውኃ መስመር እንዲሠራ ይታዘዝ በነበረበት አገር የአሜሪካው ስፋት ጠቀመ፤ በሶቪየት ርዳታ እንደተገነባው እንደ 153 ሜጋዋቱ መልካ ዋከና ላለ ሥራ ግን የሌላኛው ጥልቀት ይመረጣል።

ጣጣው የተገለጠው ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ነው። በአሜሪካው ሥርዓት ከላይ የታየው ገጽ ከፊተኛው ገጽ በላይ ይሣላል፤ በሶቪየቱ ከበታቹ። የጎኑም ገጽ እንዲሁ ቦታ ይለዋወጣል፤ ምልክቱን ያላስተዋለ ሰው በቀኝ የታሰበውን ቀዳዳ በግራ ሊያስበሳ ይችላል። የአርማታው ነገር ከዚህም ይብሳል። አሜሪካ የተማረው ጥንካሬውን በሲሊንደር ናሙና ፈትኖ በፓውንድ በካሬ ኢንች ይጽፋል፤ ሶቪየት የተማረው በኩብ ፈትኖ በኪሎግራም በካሬ ሳንቲሜትር። ያው አርማታ በሲሊንደር ሲፈተን ከኩቡ ውጤት 80 በመቶ ያህሉን ብቻ ያሳያል። ስለዚህ በሶቪየቱ አጻጻፍ 200 የተባለው፣ አሃዱ ብቻ ቢለወጥ 2,800 ፓውንድ ያህል ይሆናል፤ የናሙናው ልዩነት ሲታሰብ ግን ከ2,300 አይበልጥም። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ምሰሶው የሚደክመው እንዲህ ነው።

የማዕረጉም ግምት አከራከረ። የአምስት ዓመቱን ዲፕሎማ ከባችለር ጋር ማስተካከል ለአንዱ ውርደት፣ ከማስተርስ ጋር ማስተካከል ለሌላው ግፍ መሰለ፤ ደመወዝና ዕድገት የሚወሰኑት በዚሁ ነበርና። ዓመታትን ከመቁጠር ይልቅ የዲፕሎማ ፕሮጀክቱን አውጥቶ ማየት ይሻል ነበር።

መመለሱም እኩል አልሆነም። ከሶቪየት ኅብረት ተመርቆ እዚያው የመቅረት መንገዱ ጠባብ ነበር። ወደ አሜሪካ የሄደው ግን ከአብዮቱ በፊት መመለሱ የተለመደ ሲሆን፣ በኋላ ብዙው ቀረ፤ በ1972 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግም የመቆያውን በር አሰፋው። በ1984 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ደግሞ ሩስኛ የተጻፉት የደንብ መጻሕፍት አዲስ እትም የሚከተላቸው አጡ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ የአውሮፓውን ረቂቅ ስለተከተለ ሁለቱም ወገኖች እንደገና ተማሪ ሆኑ። በዚያ ደንብ ሠንጠረዥ ሲ-25 በተባለው አርማታ፣ 25 የኩቡ ጥንካሬ ነበር፤ ወደ ስሌት የሚገባው 20 ደግሞ የሲሊንደሩ።