ባለዕዳው ሲቀየር

ጋምቤላ ከተማ፣ አጎቴ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ጥቁር ፌስታል አለ። ውስጡ የአሸዋና የጠጠር መረከቢያ ወረቀቶች ናቸው፦ ቀን፣ የመኪና ታርጋ፣ ሜትር ኪዩብ፣ የተረካቢው ፊርማ። ሁሉም አለ፤ ገንዘቡ ብቻ የለም። አጎቴ ለአንድ ትምህርት ቤት ግንባታ በዱቤ አሸዋ ያቀርብ ነበር፤ ሥራ ተቋራጩም ዋስ ጠርቶለት ነበር። ተቋራጩ ሥራውን ሳይጨርስ ለሌላ አስተላልፎ ሄደ። አዲሱ መጣና «አይዞህ ጋሼ፣ ዕዳው ወደ እኔ ዞሯል፤ እዚህች ላይ ብቻ ፈርምልኝ» አለው። ፈረመ።

ታሪክ ማገላበጥ የጀመርኩት ያቺን ወረቀት ለመረዳት ስል ነው።

«ቁራኛ» የሚለውን ቃል ዛሬ ለማይለቅ በሽታ ወይ ለማይለይ ሰው እንጠቀምበታለን። ድሮ ግን የፍርድ ቃል ነበር። ባለዕዳና አበዳሪ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ አብረው በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። ከዚያ የሚያስፈታ ዋስ ነው። አስቡት፦ ባለዕዳህ እጅህ ላይ ታስሮ ሳለ ሳታውቅ በሌላ ሰው ሊቀየርብህ አይችልም። ሥርዓቱ ጨካኝ ነበር፤ ግን «ማነው የሚከፍለኝ?» የሚል ጥያቄ አያስነሳም።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲታወጅ ሰንሰለቱን ወረቀት ተካው። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ ከአንቀጽ 1826 ጀምሮ ስለ መተካት ይናገራል። ተዋዋዮች ከተስማሙ አሮጌው ግዴታ ይሞትና በቦታው አዲስ ይወለዳል። ግን በግምት አይሆንም፤ አሮጌውን ለመግደል ማሰባቸው በግልጽ መታወቅ አለበት። አሮጌው ከሞተ ደግሞ መያዣውና ዋሱ፣ ይቀጥላሉ ተብሎ ካልተነገረ፣ አብረውት ይሄዳሉ።

አበዳሪ ሲቀየርና ባለዕዳ ሲቀየርም አንድ አይደለም። አበዳሪው መብቱን ለሌላ ሲያስተላልፍ በመርህ ደረጃ የባለዕዳውን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለማንም ብትከፍል ያው ዕዳህን ነው የምትከፍለው። ባለዕዳው ግን አበዳሪው ሳይለቀው «ሌላ ሰው ይከፍልልኛል» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ምክንያቱም ዱቤ የሚሰጠው ለሰውየው ነው።

ይህ ነገር ለጋምቤላ አዲስ አይደለም። ከተማዋ ራሷ ከውል የተወለደች ናት። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፣ የወንዝ ፊቱም ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተከራየ። በክረምት ባሮ ሲሞላ መርከቦች እየመጡ የኢትዮጵያን ቡና ወደ ካርቱም ይጭኑ ነበር። ኪራዩ እስከ መቼ? ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ። ይህ ተጽፏል። ስለዚህ በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ስትወጣ ኪራዩ አበቃ፤ ብዙም ሳይቆይ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

እዚያው ውል ላይ ግን ሌላም ግዴታ ነበር። ምኒልክ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና ባሮ በሚገባበት በሶባት ላይ፣ እንግሊዝና የሱዳን መንግሥት ካልተስማሙ በስተቀር፣ የውሃውን ፍሰት የሚያቆም ግንባታ እንደማይሠሩ ቃል ገቡ። ለዚህኛው ማብቂያ አልተጻፈለትም። እንግሊዝ ከሄደች በኋላ ነፃዋ ሱዳን በቦታዋ ተተክታለች ወይስ አልተተካችም? ይኸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ግዴታ፦ የተጻፈለት በሰላም አለቀ፤ ያልተጻፈለት እስከ ዛሬ ያላለቀ ክርክር ወለደ።

ከጋምቤላ ወደ አቦቦ ስትወርዱ ደግሞ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተገነባው የአልዌሮ ግድብ አለ። ሶቪየት ኅብረት በ1984 ዓ.ም. ስትፈርስ፣ ኢትዮጵያ ከእሷ የተበደረችው ሁሉ አብሮ አልፈረሰም። ሩሲያ በአበዳሪነት ቦታ ቆመች፤ ኋላም አብዛኛውን ዕዳ ሰረዘች። አገር ሲፈርስ እንኳ «ከእንግዲህ አበዳሪው ማነው?» የሚለው ነገር ወረቀት ላይ መልስ ያገኛል።

ወደ አጎቴ ፌስታል ልመለስ። ያቺ ወረቀት ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። የመጀመሪያው «አዲሱ ሥራ ተቋራጭ ዕዳውን ይከፍላል» ይላል። ሁለተኛው «ከቀድሞው ተቋራጭ የምጠይቀው ምንም የለም» ይላል። የገደለችው ሁለተኛዋ ናት። አዲሱ መክፈል ሲያቅተው ወደ አሮጌው ሄደ፤ ወረቀቷን አሳዩት። ወደ ዋሱ ሄደ፤ «እኔ የተዋስኩት ለዚያኛው ነው» አለው፤ እውነቱን ነው። ትምህርት ቤቱን ወደሚያሠራው መሥሪያ ቤት ሄደ፤ «እኛ ከአንተ ጋር ውል የለንም» አሉት፤ እነሱም እውነታቸውን ነው፤ ውል የሚያስረው ተዋዋዮቹን ነው።

ማንም አልዋሸውም እኮ። በሕግ ቋንቋ ከሄድን፣ ቁራኛውን የፈታው ራሱ ነው።

ባሮ ዳር ዛሬም አሸዋ ይጫናል፤ ዱቤም ይሰጣል። ጓደኞቼ ግንባታ ውስጥ ሲገቡ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ አዲስ ባለዕዳ ይጨመርላችሁ፤ አሮጌውን ግን አትልቀቁ። «የቀድሞው ተቋራጭና ዋሱ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ከኃላፊነት አይወርዱም» የምትል አንዲት መስመር ካልገባች አትፈርሙ። አጎቴ ይህን ስነግረው ፌስታሉን አየት አደረገና «ታዲያ ያኔ የት ነበርክ?» አለኝ።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ። የትምህርት ቤቴን ክፍያ የሚከፍለው እሱ ነበር፤ ከአሸዋው።