«ሞኖፊዚት» የሚለው ስም የሸፈነው

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የሚያነሡ የውጭ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን «ሞኖፊዚት» ሲሏት ኖረዋል። በግሪክኛ «አንድ ባሕርይ ብቻ» እንደ ማለት ነውና፣ ሰሚው የክርስቶስ ሰውነት በመለኮቱ ተውጦ ቀረ ብላ የምታስተምር ይመስለዋል። ይህ ግን አውጣኪ የተወገዘበት ትምህርት ነው፤ እርሱን ተዋሕዶም ታወግዘዋለች። የጉባኤ ቤት መምህራን ተዋሕዶን ሲያስረዱ ቱሳሔን (መቀላቀልን)፣ ውላጤን (መለወጥን)ና ሚጠትን (መመለስን) አስቀድመው ያርቃሉ፦ ነገሩ እንደ ውሃና ወተት መደባለቅ አይደለም፤ በእሳት የጋለ ብረት ብረትነቱን እንደማይለቅ፣ እሳቱም እሳትነቱን እንደማያጣ ነው እንጂ። ካህኑም ከቁርባን በፊት መለኮት ከትስብእት (ከሰውነቱ) ለዐይን ጥቅሻ ያህል እንኳ እንዳልተለየ፣ እንዳልተቀላቀለም አብሮ ይመሰክራል። ስሙ እንግዲህ ቤተ ክርስቲያኒቱ በየቅዳሴው የምትክደውን እምነቷ አድርጎ ያቀርባል።

የግራ መጋባቱ ሥር አንድ ቃል ነው። የእስክንድርያው ቄርሎስ «አንድ ባሕርይ» ሲል ህልው የሆነውን አንዱን ክርስቶስን ያስባል፤ በ451 (እ.ኤ.አ.) የተሰበሰበው የኬልቄዶን ጉባኤ «በሁለት ባሕርይ» ሲል አምላክነቱንና ሰውነቱን ያስባል። ቃሉ አንድ፣ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ሁለት ነው። ይህን የምለው የእኛን ወገን ነጻ ለማውጣት አይደለም። እኛም የኬልቄዶንን ተከታዮች «ንስጥሮሳውያን» ስንል ኖረናል፤ ጉባኤው ግን ክርስቶስን ለሁለት ይከፍላል በተባለው በንስጥሮስ ላይ የተላለፈውን ውግዘት አጽንቷል። በሌላ መልኩ ዛሬም የምናደርገው ይህንኑ ነው፦ «ጴንጤ» ስንል ሕፃናትን የምታጠምቀውን ሉተራዊቷን መካነ ኢየሱስንና አምኖ የመሰከረውን ብቻ የሚያጠምቁትን ቃለ ሕይወትንና ሙሉ ወንጌልን በአንድ ከረጢት እንከታለን። ስለ ጥምቀት ለሚጠይቅ ሰው ከረጢቱ መልስ አይሰጠውም።

ስም ከሌለ ልዩነት ይድበሰበሳል፣ ምርምርም አይቻልም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ከባድ ተቃውሞ ነው፤ ያለ መጠሪያ የሚጻፍ ታሪክ የለምና። እኔም ስም ይቅር አልልም። የምለው ስም የምርመራ መነሻ እንጂ ፍርድ አይሁን፣ ተጠሪው ራሱን የሚጠራበትም ይቅደም ነው። ልዩነትን የሚያድበሰብሰውም ይኸው የተዛባ ስም ነው፤ በሌለ ጠብ ላይ ዐይናችንን ተክለን ያለውን እንዳናይ ያደርገናልና። ልማድ ሆኗል፣ ማንንም አይጎዳም የሚሉም አሉ። መናፍቅ ተብሎ የተገፋው ምእመን ግን ጉዳቱን ያውቀዋል።

አከራካሪው ስም ሲቀር ምን እንደሚታይ አንድ ምሳሌ አለ፦ በ1973 (እ.ኤ.አ.) የሮሙ ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በጋራ ባወጡት መግለጫ ስለ ክርስቶስ ማንነት የመሰከሩት «አንድ ባሕርይ» ወይም «ሁለት ባሕርይ» የሚለውን ሐረግ ሳያነሡ ነው፤ ፍጹም አምላክ፣ ፍጹም ሰው፣ ሳይቀላቀል ሳይለያይ የተዋሐደ ብለው ተስማሙ። ያ ስምምነት ቤተ ክርስቲያናቱን አንድ አላደረጋቸውም። የኬልቄዶን ጉባኤ ተቀባይነትና የሮም ጳጳስ ሥልጣን እስከ ዛሬ እንዳከራከሩ ናቸው።