የሦስት አገር ብሎን በአምቦ መንገድ



ከአምቦ ተነሥቶ በጊንጪና በአዲስ ዓለም በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ያረጀ የጭነት መኪና ውሃው ፈልቶ ዳገት ላይ ሲቆም፣ ቴስታታውም ተፈትቶ የብሎኑ ጥርስ ተበልቶ ሲገኝ፣ ወቀሳው ሁሉ በመካኒኩ ላይ ይወርዳል፤ «እጁ ከብዶ አበላሸው» ይባላል። ይህ ፍርድ ግን ታሪክን ያልመረመረ ፍርድ ነው።

በ1928 ዓ.ም. የወረረን የኢጣልያ ጦር ብዙ የጭነት መኪና ይዞ ገባ፤ በአምቦ በኩል ወደ ለቀምት የሚወስደውንም መንገድ ሠራበት። የመኪናዎቹ ብሎን በሜትር ልክ የተቈረጠ ነበር። የጋራዡ ቋንቋም ከዚያው መጣ፤ ብሎን፣ ዳዶ፣ ቴስታታ፣ ካቻቪቴ የምንላቸው ሁሉ የኢጣልያ ቃላት ናቸው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲወጣ ቃሉም ብረቱም እዚሁ ቀረ። ከእንግሊዞች ጋር የመጣው ብረት ደግሞ ጆሴፍ ዊትወርዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1841 ባወጣው የኢንች ልክ የሚሠራ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም አሜሪካውያን መሐንዲሶች መጡ፤ የአሜሪካም ብሎን በዊልያም ሴለርስ የ1864 ሥርዓት የተመሠረተ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው አምቦ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ ከወደቀ መኪና ብሎን የሚነቅል መካኒክ በአንድ ጣሳ ውስጥ የሦስት አገር ሕግ ተደባልቆ ቢያገኝ ምን ያስደንቃል?

ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። የግማሽ ኢንቹ የእንግሊዝ ብሎን በአንድ ኢንች ውስጥ 12 ጥርስ ሲኖረው የአሜሪካው 13 አለው፤ የፊተኛው ጥርስ በ55 ዲግሪ፣ የኋለኛው በ60 ዲግሪ የተሳለ ነው። የሜትሩ ባለ 12 ሚሊሜትር ብሎን ደግሞ ከግማሽ ኢንቹ የሚቀጥነው በ0.7 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ባዕዱ ብሎን በጣት ሲዞር አንድ ሁለት ዙር ይገባል፤ ከዚያ ይጠብቃል። መካኒኩ ዝገት መስሎት መፍቻውን በቧንቧ አስረዝሞ ሲጫነው ጥርሱ ተላጠ ማለት ነው፤ ይልቁንም ቀዳዳው በአሉሚኒየም ውስጥ ከሆነ።

አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ እንኳ በአንድ ጦርነት አብረው ሲዋጉ ብሎን መለዋወጥ አቅቷቸው፣ በአንድ የኢንች ጥርስ የተስማሙት በ1948 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ስምምነቱም አስቀድሞ በመንገድ ላይ ለነበረ ሞተር አልደረሰለትም።

አስተዋይ መካኒክ ግን ሁለቱን ብሎኖች ጎን ለጎን አጋጥሞ ወደ ብርሃን ያነሣቸዋል፤ በጥርሶቹ መካከል ብርሃን ካሾለከ ልካቸው አንድ አይደለም። ቀዳዳው አስቀድሞ ተበልቶ ከሆነ በመሰርሰሪያ አስፍቶ፣ አዲስ ጥርስ ቈርጦ፣ ወፍራም ብሎን ይሰጠዋል፤ የቴስታታውንም ቀዳዳ በዚያው ልክ ያሰፋል። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ሞተር የሚፈታ ሌላ መካኒክ ከጎረቤቶቹ የማይመሳሰል አንድ ብሎን ያገኛል።