ከሾላ እስከ ካራ፦ ዕድገትን ከየት ፈለግነው?



የዛሬው ንግግሬ የከብትና የበግ ዝርያ ማሻሻያ ታሪክን ይመለከታል። ርእሱ የእንስሳት ሳይንስ ቢመስልም ጥያቄዬ የታሪክ ጥያቄ ነው፦ ቶሎ የሚያድግና ብዙ የሚሰጥ እንስሳ ስንሻ ዐይናችንን ወዴት አቀናን? በደጃችን የነበረውንስ ለምን ዘግይተን መለካት ጀመርን? የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንዳንዶቹን ምስክሮቼን ደግሞ እዚሁ፣ ከእንጦጦ ተራሮችና ከየካ አገኛቸዋለሁ።

ከእንጦጦ ልጀምር። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዙሪያዋ ደን ተመንጥሮ፣ ከተማይቱን ትቶ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር እስኪታሰብ ድረስ የማገዶ እጥረት ጸንቶባት ነበር። በ1890ዎቹ አጋማሽ ከአውስትራሊያ ምድር የተገኘው ባሕር ዛፍ መጣና ዋና ከተማዋን ባለችበት አጸናት። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የአገር በቀሉ ጥድና ወይራ ግን በአብዛኛው ወደ ቀድሞ ቦታው ሳይመለስ ቀረ። እጥረት ሲያጋጥም ፈጥኖ የሚያድገውን ከውጭ ማምጣት ውጤቱ በዐይን የሚታይ መፍትሔ ሆነ።

ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ ያው መፍትሔ በወተት ላይ ተደገመ። በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 ያህል የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶችን ለኢትዮጵያ ለገሰ። ከዚያም በዩኒሴፍ ድጋፍ በሾላ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ፤ የሠፈሩም ስም የወተት ስም ሆነ። ሕዝቡ በበኩሉ ከብቱን ሁለት ቦታ ከፈለው፦ «የፈረንጅ ላም» እና «የሐበሻ ላም»።

ይህ ስያሜ ቀላል ይመስላል፤ የደበቀው ነገር ግን ብዙ ነው። የቦረና ሞቃት ቆላ ያሳደገው ከብት፣ የጣና ዳር ረግረግ ያሳደገው ፎገራ፣ የወለጋው ሆሮ፣ ገንዲን በመቋቋም የሚታወቀው ሸኮ፣ ሁሉም «የሐበሻ» በሚል አንድ ቃል ተጠቀለሉ። አንድ ስም የተሰጠው ነገር ደግሞ አንድ ዓይነት ይመስላል።

ማዳቀሉ ስሕተት ነበር ማለቴ አይደለም። በ1967 በጭላሎ የተጀመረው የእርሻ ልማት ፕሮጀክትም ሆነ የሆለታ ምርምር ማእከል ያሳዩን ነገር ግልጽ ነው፤ ከአገር ውስጥ ላምና ከውጭ ኮርማ የምትወለደው የመጀመሪያዋ ዲቃላ ከእናቷ እጅግ የበለጠ ወተት ትሰጣለች። ነገር ግን ዲቃላዎቹ እርስ በርሳቸው ሲራቡ ከሁለቱ ወላጆች መራራቅ የተገኘው ብርታት እየቀነሰ ይሄዳል። የቲቤት አርቢዎች ይህን በሌላ መንገድ ያውቁታል። ያክን ከተራ ከብት ሲያዳቅሉ ግዙፍና ጠንካራ እንስሳ ያገኛሉ፤ ወንዱ ዲቃላ ግን መካን ነው። ስለዚህ ያንኑ ብርታት እንደገና ለማግኘት ሁልጊዜ ወደ ንጹሑ ያክ መመለስ አለባቸው። ነባሩ ዝርያ ከጠፋ ማዳቀሉም መነሻ ያጣል።

የእኛም ከብት ራሱ የጥንት ማዳቀል ውጤት ነው። በ1990ዎቹ የታተሙ የዘረመል ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሻኛ ያላቸው የአፍሪካ ከብቶች በእናት በኩል የሚወርሱት ዘረመል ሻኛ ከሌላቸው ጥንታዊ የአፍሪካ ላሞች የመጣ ነው፤ ሻኛው የገባው በዋናነት በኮርማ በኩል ነው። በ2020 በ172 የአፍሪካ ከብቶች ላይ የወጣ የሙሉ ዘረመል ጥናትም ይህን ቅይጥነት ለልዩ ልዩ አየር ንብረት የመላመድ ምንጭ አድርጎ አቅርቦታል። «የሐበሻ ላም» ስንል የምንጠራው እንግዲህ በውስጡ ሰፊ ልዩነት ያከማቸ ሕዝብ ነው። ልዩነት ደግሞ የምርጫ መሠረት ነው። አንድ ዓይነት መኖ በልተው፣ በአንድ ጋጣ አድረው፣ አንዱ ጥጃ ከሌላው ቀድሞ የሚያድግ ከሆነና የልዩነቱ ከፊል በዘር የሚወረስ ከሆነ፣ ማሻሻያው ከዚያው ከመንጋው ሊገኝ ይችላል።

ታዲያ ያ ልዩነት ወዴት ይሄድ ነበር? መልሱን ለማግኘት ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መንገድ ወደ ከተማችን በሚገባበት በየካ፣ ካራ ገበያ ላይ እንቁም። ለበዓል ከሰሜን ሸዋ ደጋ ከሚመጡት መካከል የመንዝ በግ አለ። ገበያው የሚሻው ቶሎ የደለበውን ወንድ በግ ነው፤ ገበሬውም ገንዘብ ሲቸግረው ቀድሞ የሚሸጠው ያንኑ ነው። ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ዘር ሳይተካ ይታረዳል፤ ዘግይቶ ያደገው ቤት ቀርቶ አውራ ይሆናል። ማንም ሳያቅድ ምርጫው የኋልዮሽ ሄደ። ከዚህ በኋላ «የአገር በግ አያድግም» ማለት የገበያን ሥራ በበጉ ተፈጥሮ ማሳበብ ይሆናል።

ዕድገትን ብቻውን መለካትም አይበቃም። በደብረ ብርሃን የምርምር ጣቢያ የሆሮና የመንዝ በጎች ጎን ለጎን ሲጠኑ፣ የሆሮ ግልገሎች ሲወለዱ ከበድ ያሉ ነበሩ፤ የሞቱትም ግን ይበልጥ እነርሱ ነበሩ። በዚያ ብርድ ክብደት ብቻውን ሀብት አልሆነም። የሞተ ግልገል ኪሎ የለውም።

ከ2009 ጀምሮ በመንዝ፣ በሆሮና በቦንጋ የተዘረጋው በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ የማራቢያ ሥርዓት ከዚህ ትምህርት ተነሥቷል። የአንድ ቀበሌ ገበሬዎች ወንድ ጠቦቶቻቸውን ያስመዘግባሉ፤ የስድስት ወር ክብደታቸው ይለካል። ከዚያ የገበሬዎች ኮሚቴ ከተመዘኑት ውስጥ ላቱን፣ ቀንዱንና መልኩን አይቶ ለአውራነት ይመርጣል። የተመረጠው ለገበያ አይወጣም፤ በጋራ ያገለግላል። በሥርዓቱ ውስጥ የስድስት ወር ክብደት መጨመሩ ተመዝግቧል። አዲስ ደም አልገባም፤ የተለወጠው ማን ዘር እንዲተካ የሚወስነው አካል ነው።

የከተማው ወተት ነገም ከዲቃላ ላሞች እንደሚመጣ አልጠራጠርም። ሆኖም ዲቃላዋ አንድ ወላጇ ከዚህ ምድር ነው። ያንን ወላጅ ሳንለካ ካጣነው ምን እንዳጣን እንኳ የምናውቅበት መዝገብ አይኖረንም። ከእናንተ መካከል ወደ መስክ የምትወጡ ተማሪዎች፣ ሚዛንና መዝገብ ይዛችሁ ስትሄዱ የመንጋውን አማካይ ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ፤ ከአማካዩ የራቁትንም በየግላቸው መዝግቡ። የነገው አውራ የሚገኘው ከእነርሱ መካከል ነውና።