ሙቀቱን የት እናድርሰው? የሱፐርቻርጀር የመቶ ዓመት ዕዳ

አዲስ አበባ መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ ያረፈደ ሰው ሁለት ቃላት ሳያውቀው በቃሉ ይይዛል፤ "ተርቦ" እና "ኢንተርኩለር"። የመጀመሪያው ቃል በእኛ ቋንቋ የራበው ነገር እንዳለ የሚናገር መምሰሉ እንዴት ያለ ግጥምጥሞሽ ነው! የራበው ምን እንደሆነም መካኒክ ሁሉ ያውቃል፤ አየር ነው። ሁለተኛውን ቃል ግን ብዙዎቻችን እንደ ጌጥ አይተን እናልፈዋለን። የዛሬው ጽሑፋችን የዚህ የሁለተኛው፣ ችላ የተባለው ቃል ታሪክ ነው።

በእኛ ዕድሜ ያሉ የመኪና ወዳጆች ሰብሰብ ሲሉ ጨዋታው ቶሎ ወደ አሜሪካ ስፖርት መኪናዎች ያመራል። የሙስታንግ ሱፐርቻርጀር በየትኛው ይቀየር? ትልቁ ይሻላል ወይስ ትንሹ? ስንት የፈረስ ጉልበት ይጨምራል? ክርክሩ ማለቂያ የለውም። እኛ ግን የመሣሪያውን ታሪክ ስናገላብጥ ደጋግሞ የመጣብን ሌላ ጥያቄ ነው። አንዳንዶች አስቀድመው የጠየቁት፣ ሌሎች ደግሞ ገንዘባቸውንና ስማቸውን ከፍለው ዘግይተው የደረሱበት ጥያቄ፤ ሙቀቱን የት እናድርሰው? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኳስ መንፊያው ትምህርት

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው ባገኘው አየር ልክ ነው። ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው፤ ጭንቁ አየሩን ማስገባት ላይ ነው። ሱፐርቻርጀር ከራሱ ከሞተሩ፣ በቺንጋ ወይም በጥርስ፣ ጉልበት ተበድሮ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ተርቦ ያንኑ ሥራ የሚሠራው በሚወጣው ጭስ ግፊት ነው።

ኳስ በእጅ ፖምፓ ነፍቶ የሚያውቅ ልጅ የፖምፓው ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። አየር ሲጠቀጠቅ ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ይሳሳል። እስቲ እናስላው። የውጪው አየር 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል፤ ግፊቱን 1.5 እጥፍ እናድርገው። የሱፐርቻርጀሩ ብቃት 60 በመቶ ከሆነ አየሩ 86 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። 50 በመቶ ተጨማሪ አየር ገዛን ብለን ስንደሰት እጃችን የገባው 25 በመቶ ብቻ ነው። ግማሹን ሙቀት በላው። ያንኑ አየር ወደ 45 ዲግሪ ብናቀዘቅዘው ጭማሪው ወደ 40 በመቶ ይመለሳል።

ኪሳራው በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። የጋለ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ያኔ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱ ከቀጠለ ፒስተን ይበሳል። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ይሉናል አበው፤ አየር የጠገበ ሞተርም እንደዚያው ነው።

የወይዘሪቷ ገንዘብ፣ የአለቃው ተቃውሞ

መሣሪያው ከመኪና ይቀድማል። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ በኮነርስቪል ከተማ የነበሩት ወንድማማቾች ፊላንደርና ፍራንሲስ ሩትስ በ1860 የባለቤትነት መብት ያወጡበት ማራገቢያ ለብረት ማቅለጫና ለማዕድን ጉድጓድ አየር ያቀብል ነበር። በ1921 መርሴዲስ በበርሊኑ የመኪና ትርዒት ላይ ሱፐርቻርጀር የተገጠመላቸውን መኪናዎች ይዞ ቀረበ። ጀርመኖቹ ጠንቃቆች ነበሩ። መሣሪያው ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ሲረግጥ ብቻ ይነሳል፤ ያውም ለአጭር ጊዜ።

እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ቲም ቢርኪን ግን ትዕግሥት አልነበረውም። የቤንትሊ 4.5 ሊትር ሞተር ላይ በአምኸርስት ቪልየርስ የተነደፈ ሱፐርቻርጀር አስገጠመ። የፋብሪካው መሥራች ደብልዩ ኦ ቤንትሊ ተቃወመ፤ ለእሱ ይህ የሞተሩን ተፈጥሮ ማበላሸት ነው፤ ኃይል የፈለገ ትልቅ ሞተር ይሥራ ባይ ነበር። ሰሚ አላገኘም። የኩባንያው ሊቀ መንበርና ዋና ባለድርሻ ዉልፍ ባርናቶ ፈቀደ፤ በ1905 የተወለደችው ባለጸጋ ዶሮቲ ፓጌት ደግሞ የቢርኪንን ቡድን በገንዘቧ አቆመች። ለሌማን ውድድር ብቁ ለመሆን 50 መኪናዎች ለገበያ መሠራት ስለነበረባቸው ተሠሩ።

በሰኔ 1930 ሌማን ላይ ቢርኪን የመርሴዲሱን ካራቾላ እያሳደደ ተመልካቹን አስጨበጨበ። ግን ሁለቱም ሱፐርቻርጀር ያላቸው ቤንትሊዎች ውድድሩን አልጨረሱም። ያሸነፈው ማን ነው? ሱፐርቻርጀር የሌለው፣ ደብልዩ ኦ የወደደው ባለ 6.5 ሊትሩ ቤንትሊ፤ ከመሪው ጀርባ ከነበሩት ሁለት ሰዎች አንዱም ራሱ ባርናቶ ነበር። በዚያው ዓመት ቢርኪን ፖ ከተማ ላይ በፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ ሁለተኛ ወጣ፤ መኪናው ትልቅ ውድድር ሳያሸንፍ ቀረ። ፓጌት በጥቅምት ወር ገንዘቧን ሰበሰበች። በ1931 ኩባንያው ራሱ ከስሮ በሮልስ ሮይስ እጅ ወደቀ። ለውድቀቱ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስም ድርሻ ነበረው፤ ሁሉን በአንድ መሣሪያ ማላከክ አይገባም። ነገር ግን ያ የሚያምር መኪና አየር መጠቅጠቂያ እንጂ የተጠቀጠቀውን አየር ማቀዝቀዣ ራዲያተር አልነበረውም።

የሒሳብ ሰው ወደ ፋብሪካ ሲገባ

ቤንትሊን የገዛው ሮልስ ሮይስ ትምህርቱን የጨረሰው በሰማይ ላይ ነው። በ1938 ስታንሊ ሁከር የሚባል የሒሳብ ሰው ወደ ደርቢው ፋብሪካ ገባ። መካኒክ አልነበረም፤ ኋላ የጻፈውን ግለ ታሪክም መሐንዲስነቱን በሚያላግጥ ርዕስ ነው የሰየመው። ይህ ሰው የመርሊን አውሮፕላን ሞተርን ሱፐርቻርጀር በወረቀትና በእርሳስ መረመረና ብዙ ጉልበት በከንቱ እንደሚባክን አሳየ።

ጥያቄው የቅንጦት አልነበረም። በ1941 መገባደጃ ፎከ ቩልፍ 190 የተባለው የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን በእንግሊዝ ቻናል ላይ ብቅ ሲል ስፒትፋየር 5 የሚበለጥ ሆነ፤ አብራሪዎች በሕይወታቸው ከፈሉ። መልሱ መርሊን 61 ነበር። አየሩ በአንዱ ሱፐርቻርጀር ተጠቅጥቆ በሁለተኛው እንደገና ይጠቀጠቃል። ሁለቴ መጠቅጠቅ ማለት ሁለቴ ማጋል ነውና ሁከርና ባልደረቦቹ ለዚህ አየር ብቻ የሚሆን የራሱ ፖምፓና የራሱ ራዲያተር ያለው የፈሳሽ ማቀዝቀዣ አበጁ። አፍንጫው የረዘመው ስፒትፋየር 9 በሐምሌ 1942 ወደ ውጊያ ገባ፤ ክፍተቱም ጠበበ። ሁለተኛውን ሱፐርቻርጀር በሥራ ላይ ያዋለው ማቀዝቀዣው ነው።

ሙቀትን የማስታገሻ ሌላ መንገድ ነበር፤ መጠጥ። አልፋ ሮሜዮ 159 በ1951 ከ1.5 ሊትር ሞተር ከ400 በላይ የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። የጋለውን አየር የሚያቀዘቅዘው አልኮል የበዛበት ነዳጅ ሲተን ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከ150 ሊትር በላይ ይጠጣ ነበር። ሐምሌ 14 ቀን 1951 ሲልቨርስቶን ላይ ፍሮይላን ጎንዛሌዝ ሱፐርቻርጀር በሌለው ባለ 4.5 ሊትር ፌራሪ አልፋን ሲያሸንፍ፣ የነዳጁ ሸክም አንዱ ምክንያት ነበር። ደብልዩ ኦ ከ20 ዓመት በፊት ያለው ይኸው አይደል?

የፎርድ ዕዳና የ2003ቱ ኮብራ

አሁን ወደ ጓደኞቻችን ሙስታንግ እንመለስ። ፎርድ በ1999 የሙስታንግ ኮብራ 320 የፈረስ ጉልበት አለው ብሎ አወጀ። ባለቤቶቹ ሲያስለኩት ጎደለ። ፎርድ ሽያጩን አቁሞ የተሸጡትንም ጠርቶ ለማስተካከል ተገደደ። በ2003 የመጣው ኮብራ የዚህ እፍረት ካሳ ነበር ማለት ይቻላል። በ4.6 ሊትሩ ሞተር ላይ ኢተን ኤም 112 የተባለ የሩትስ ዓይነት ሱፐርቻርጀር ተቀመጠ፤ ግፊቱ 8 ፒኤስአይ፣ የተነገረለት ኃይል 390 የፈረስ ጉልበት። ከሱ በፊት ግን መሐንዲሶቹ የአሉሚኒየሙን ብሎክ በብረት ቀየሩ፤ ፒስተኖቹን አጠነከሩ፤ ከሱፐርቻርጀሩ ሥርም በፈሳሽ የሚሠራ ኢንተርኩለር ከነፖምፓውና ከፊት ከተቀመጠ ራዲያተሩ ጋር ገጠሙ። የመርሊን 61 አሳብ ከ61 ዓመት በኋላ ኮፋኖ ሥር ገባ ማለት ነው።

መኪናውን የገዙት ሰዎች ግን በ390 አልረኩም። የመጀመሪያው ፈተና ርካሹ ነው፤ ትንሽ ፑሊ። ፑሊው ሲያንስ ሱፐርቻርጀሩ ይፈጥናል፤ ግፊቱ ይጨምራል። የሩትስ ዓይነቱ ግን አየሩን ውስጡ አይጨምቀውም፤ እየገፋ ሲያቀብል ነው የሚጨናነቀው፤ ስለዚህ ሲፈጥን ከአየሩ ይልቅ ሙቀቱን ያበዛል። አንዱን ዙር በርሮ ሁለተኛው ላይ የሚደክም መኪና ያየ ሰው ይህን አይቷል።

ሁለተኛው ምርጫ ስዊድናዊው አልፍ ሊሾልም በ1930ዎቹ ያዳበረው ባለ መንታ ብሎን ነው፤ አየሩን በሁለት ጠምዛዛ ብሎኖች መካከል ቀስ በቀስ ይጨምቃል። ግፊቱን 2 እጥፍ ብናደርግ ብቃቱ 60 በመቶ የሆነው 134 ዲግሪ አየር ሲተፋ፣ 75 በመቶ የሆነው 112 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ 112ም ግን ገና ፈላ ውኃ ነው። ሦስተኛው በማዕከላዊ ሽሽት ኃይል የሚሠራው፣ የተርቦ ጎማ የመሰለው ነው፤ ቀዝቀዝ ይላል፤ ግን ኃይሉ የሚመጣው ሞተሩ ከፈጠነ በኋላ ነው። ለከተማ መነሻ ፈጣን ምላሽ የሚፈልግና ለረጅም መንገድ የሚያስብ ሰው ምርጫቸው አንድ ሊሆን አይችልም።

ከእነዚህ የትኛውም ቢመረጥ ግን ፖምፓው ደካማ፣ ከፊት ያለው ራዲያተር ጠባብ ከሆነ ብልጫው ደቂቃዎች ብቻ ይቆያል። ፈሳሹ ራሱ ይግላል፤ ከጋለ በኋላ ኢንተርኩለሩ አየሩን ከማቀዝቀዝ ይልቅ ያሞቀዋል። ፋብሪካዎቹም ይህን ያውቃሉ። ዶጅ በ2018ቱ ዲመን ላይ ሱፐርቻርጀሩን ከሄልካቱ 2.4 ሊትር ወደ 2.7 ሲያሳድግ፣ የመኪናውን ኤሲ ጋዝ ከተሳፋሪው ቀንሶ የኢንተርኩለሩን ፈሳሽ እንዲያቀዘቅዝ አደረገ። በውድድር ነዳጅ 840 የፈረስ ጉልበት የተገኘው ከዚህ ሁሉ ጋር ነው። ትልቁ ሱፐርቻርጀር የሚነገርለት ነው፤ ኤሲው ግን የሚያሠራው።

እዚህ ከፍታ ላይ ስንሆን

ነገሩ ለእኛ ከተማ ሰው ሌላ ትርጉምም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። የተፈጥሮ አየር ብቻ የሚስብ ሞተር እዚህ ኃይሉን በዚያው ልክ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የጠፋውን አየር በሱፐርቻርጀር ማስመለስ የሚያጓጓ ነው። ግን ያው የሳሳ አየር ነው በራዲያተሩ መካከል የሚያልፈው፤ ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙም ይሳሳል። በሌላ አገር ባሕር ዳርቻ የተመዘነ ማቀዝቀዣ እዚህ ዳገት ላይ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ገንዘቡን ይዞ ለመምረጥ የተነሳ ጓደኛ ቢያማክረን ቅደም ተከተሉን እንገለብጥለታለን። መጀመሪያ ከፊት ያለውን ራዲያተርና ፖምፓውን፣ ቀጥሎ ነዳጁንና ልኬቱን፣ ከዚያ የሞተሩን ውስጥ፣ በመጨረሻ ሱፐርቻርጀሩን። ለጓደኞች የሚታይ ነገር በመጨረሻ መግዛት ያማል፤ እናውቃለን። ኮፋኖው ሲከፈት ማንም ስለ ፖምፓ አያጨበጭብም።

ሌማን ላይም የተጨበጨበው ለቢርኪን ነበር። ቀድሞ የገባው ግን ሌላው ቤንትሊ ነው።