የሴቶች ስፖርት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፡- ከዕውቅና ወደ ድጋፍ

በአማራ ክልል ደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አካባቢዎች ለስፖርት፣ በተለይም ለሩጫ የተመቸ ከፍታ ያላቸው ናቸው፡፡ የአካባቢው ልጃገረዶች በሜዳ ላይ የሚያሳዩት ተሰጥኦ ፍሬ እንዲያፈራ ግን በበዓላት ቀን ከሚሰጥ የምስክር ወረቀት የዘለለ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ድጋፍ ያስፈልጋል፡፡

ይህ ጽሑፍ የሴቶች ስፖርት ዕውቅናና ድጋፍ በሀገራችንና በዓለም ያለፈበትን ሂደት፣ የሕግ መሠረቱን፣ እንዲሁም በወረዳ ደረጃ ሊከናወኑ የሚገባቸውን ተግባራት ለሥራ ኃላፊዎችና ለባለሙያዎች በአጭሩ ያቀርባል፡፡

አካባቢው

ደቡብ ጎንደር ዞን በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 2,051,738 ሕዝብ የተመዘገበበት ሲሆን፣ ርዕሰ ከተማው ደብረ ታቦር ነው፡፡ ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው፣ ነዋሪው የቻይና መንገድ እያለ የሚጠራው መንገድ የላይ ጋይንትን ዋና ከተማ ንፋስ መውጫን ያቋርጣል፡፡ አርብ ገበያ የታች ጋይንት፣ ወገዳ የስማዳ፣ መካነ ኢየሱስ ደግሞ የምሥራቅ እስቴ ከተሞች ናቸው፡፡

ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚልቀው የጉና ተራራ ለእስቴና ለላይ ጋይንት ቅርብ ሲሆን፣ ንፋስ መውጫ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ትገኛለች፡፡ በአንጻሩ የስማዳና የታች ጋይንት ቆላማ ክፍሎች ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ይወርዳሉ፡፡ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው የአርሲዋ በቆጂ የምትገኘው ወደ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ መሆኑ ሲታሰብ፣ የተፈጥሮ ሁኔታው ለአካባቢው እንቅፋት ሊሆን እንደማይችል መረዳት ይቻላል፡፡

በቆጂ ለየት የምትለው በከፍታዋ ብቻ አይደለም፡፡ በከተማዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆችን ገና በለጋ ዕድሜያቸው እየመለመሉ በመደበኛነት ማሠልጠናቸው ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ አለው፡፡ ሴት ልጆችም ከወንዶች እኩል የሥልጠናው ተካፋዮች ነበሩ፡፡

በሩ ሲከፈት የታየ ውጤት

የኢትዮጵያ ሴት አትሌቶች ታሪክ የሴቶች ተሳትፎ ውስን ሆኖ የቆየው በችሎታ ማነስ ሳይሆን በዕድል ማጣት እንደነበር ያመለክታል፡፡ የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ መርሐ ግብር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ የሴቶች 10,000 ሜትር በ1988፣ 5,000 ሜትር ደግሞ በ1996 ነው፡፡

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ውድድሩ በኦሊምፒክ የተካሄደው ገና ለሁለተኛ ጊዜ ነበር፡፡ በድሏም በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች፡፡ ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ ማራቶንን ስታሸንፍ የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ ሲካሄድ አራተኛው ነበር፡፡ መሠረት ደፋርም በ2004 በአቴንስ በ5,000 ሜትር ያሸነፈችው ርቀቱ በኦሊምፒክ ለሦስተኛ ጊዜ በተካሄደበት ወቅት ነው፡፡

ከዚያ ወዲህ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 በቤጂንግ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ድርብ ድል ተቀዳጅታለች፤ አልማዝ አያና በ2016 በሪዮ በ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን አሻሽላለች፤ ትዕግሥት አሰፋም በ2023 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመሮጥ በወቅቱ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግባለች፡፡ ደራርቱ ከ2018 እስከ 2024 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መምራቷ ደግሞ ዕውቅናው ከሩጫ መሙ አልፎ ወደ አመራር መድረሱን ያሳያል፡፡

በሕዝባዊ ተሳትፎ ረገድም ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከመጋቢት 1996 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ያዘጋጀው ‹‹ቅድሚያ ለሴቶች›› የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተጠቃሽ ነው፡፡

እግር ኳስና ዳኝነት

‹‹ሉሲዎቹ›› በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የሴቶች ብሔራዊ እግር ኳስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002፣ በ2004ና በ2012 በአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ ተሳትፏል፡፡ በ2004 በደቡብ አፍሪካ አራተኛ ደረጃ ማግኘቱ በታሪኩ ከፍተኛው ውጤት ነው፡፡ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2024 በአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ የማጠቃለያ ውድድር ላይ ተሰልፏል፡፡

በደቡብ ኢትዮጵያ በዱራሜ ያደገችው አጥቂዋ ሎዛ አበራ እ.ኤ.አ. በ2019/20 የውድድር ዘመን ወደ ማልታ አቅንታ ለቢርኪርካራ ክለብ ተጫውታለች፡፡ ዳኛ ሊዲያ ታፈሰ በ2019 በተካሄደው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ውድድር ጨዋታ መርታለች፡፡ ይህም ለሴቶች የስፖርቱ በር በተጫዋችነት ብቻ ሳይሆን በዳኝነት፣ በአሰልጣኝነትና በአመራርም ሊከፈት እንደሚገባ የሚያመላክት ነው፡፡

የዓለም ተሞክሮ

በሌሎች ሀገሮችም ሴቶች ‹‹የወንድ›› ተብሎ ወደተያዘ ስፖርት የገቡት በቀላሉ አይደለም፡፡ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ከ1921 ጀምሮ ለሃምሳ ዓመት ያህል ሴቶች በአባል ክለቦች ሜዳ እንዳይጫወቱ ከልክሎ ነበር፡፡ በብራዚልም ከ1941 እስከ 1979 ሴቶች እግር ኳስ እንዳይጫወቱ በሕግ ታግደው ቆይተዋል፡፡

የቤዝቦል ታሪክ ደግሞ ዕውቅና ያለ ዘላቂ ድጋፍ ምን ያህል እንደሚደበዝዝ ያሳያል፡፡ በዱላ ኳስ እየተመታ የሚካሄደው ይህ ስፖርት በአሜሪካ ከ1943 እስከ 1954 የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ነበረው፤ ከ600 በላይ ሴቶችም ተጫውተውበታል፡፡ ሊጉ ሲፈርስ ግን ተተኪ የሚያፈራ መዋቅር ስላልነበረ ተጫዋቾቹ ለረጅም ዓመታት ተረስተው ቆይተዋል፡፡ በኩፐርስታውን የሚገኘው የቤዝቦል ሙዚየም ለእነርሱ መታሰቢያ ዐውደ ርዕይ የከፈተው በ1988 ነው፡፡

ጃፓን የተለየ መንገድ ተከትላለች፡፡ በዚያች ሀገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች ብሔራዊ የቤዝቦል ውድድር ከ1997 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል፤ በ2021 የፍጻሜው ጨዋታ የወንዶቹ ታላቅ ውድድር በሚደረግበት በኮሺየን ስታዲየም ተካሂዷል፡፡ በ2004 የተጀመረውን የሴቶች ቤዝቦል የዓለም ዋንጫ ጃፓን በተደጋጋሚ ያሸነፈችው በትምህርት ቤት የተጣለ መሠረት ስላላት ነው፡፡

በሀገራችን ደጋማ አካባቢዎች ለቤዝቦል የሚቀርበው ባህላዊ ስፖርት ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር እየተመታ የሚካሄደው የገና ጨዋታ ነው፡፡ ጨዋታው በልማድ የወንዶች ተደርጎ ቢታይም፣ በትምህርት ቤት የባህል ስፖርት ፕሮግራም ልጃገረዶችን ማሳተፍ ባህሉን ያጠናክረዋል እንጂ አያደበዝዘውም፡፡

የሕግና የፖሊሲ መሠረት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ያረጋግጣል፤ አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፡፡ በ1990 ዓ.ም. የወጣው የስፖርት ፖሊሲ ስፖርት በትምህርት ቤት፣ በሥራና በመኖሪያ አካባቢ እንዲስፋፋ ያመለክታል፡፡ በመሆኑም ለሴቶች ስፖርት የሚመደብ በጀት ችሮታ ሳይሆን የሥራ ግዴታ ነው፡፡

ያለዕድሜ ጋብቻን በሚመለከት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ሴት ልጅ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ስትሆን እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ስትሆን እስከ 7 ዓመት የሚደርስ እስራት ያስቀጣል፡፡ በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገቡበት መካከለኛ ዕድሜ በሀገር አቀፍ ደረጃ 17.1 ዓመት መሆኑንና ከክልሎች ዝቅተኛው በአማራ ክልል መመዝገቡን አመልክቷል፡፡ ይህ ዕድሜ አንዲት ስፖርተኛ ከትምህርት ቤት ቡድን ወደ ክለብ የምትሸጋገርበት ወቅት መሆኑ ጉዳዩን አሳሳቢ ያደርገዋል፡፡

ዋና ዋና እንቅፋቶች

የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው፡፡ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀምና ታናናሾችን መጠበቅ በአብዛኛው በሴት ልጅ ላይ የሚወድቅ ሥራ በመሆኑ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰጥ ልምምድ ወንዶችን ብቻ የሚጠቅም ሊሆን ይችላል፡፡

ሁለተኛው የምግብ ጉዳይ ነው፡፡ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉ የምግብ ዋስትና ችግር ያለባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው፡፡ ቁርስ ያልበላችን ልጅ ማስሮጥ ሥልጠና ሳይሆን ጉዳት ነው፡፡

ሦስተኛው የንጽህናና የደኅንነት ጉዳይ ሲሆን፣ የንጽህና መጠበቂያ፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍልና አስተማማኝ ማደሪያ አለመኖር ብዙዎችን ያስቀራል፡፡ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ጋይንት መድረሱ፣ በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የተከሰተው ግጭትም ትምህርትን ማስተጓጎሉ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ከቤት አርቆ ለመላክ ያላቸውን ስጋት የሚያባብስ ነው፡፡ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቡድኑም አብሮ ይበተናል፡፡

አራተኛው የአመለካከት ችግር ነው፡፡ ‹‹ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ›› የሚለው አባባል በሜዳም በቢሮም ጥላውን ሲያጠላ ይስተዋላል፡፡

በወረዳ ደረጃ ሊከናወኑ የሚገባቸው ተግባራት

ቀጥሎ የተመለከቱት ተግባራት ትላልቅ ግንባታ የማይጠይቁና በነባር መዋቅር ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው፡፡

- የወረዳው የውድድር መርሐ ግብር ሲዘጋጅ ለወንዶች በተከፈተ የውድድር ዓይነት ሁሉ ለሴቶችም መክፈትና ሽልማቱን እኩል ማድረግ፤
- በስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ዓመታዊ ዕቅድ ለሴቶች ስፖርት ራሱን የቻለ የበጀት መደብ መያዝና አፈጻጸሙን በሩብ ዓመት ሪፖርት ለይቶ ማሳየት፤
- ልምምዱን በትምህርት ሰዓት ውስጥ፣ በተለይም ከጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ጋር አያይዞ መስጠት፤
- ሴት መምህራን የአሰልጣኝነትና የዳኝነት ኮርስ እንዲወስዱ ማድረግ፤
- ወደ ደብረ ታቦርም ሆነ ወደ ባሕር ዳር ለውድድር የሚላክ የሴቶች ቡድን ከሴት ኃላፊ ጋር እንዲጓዝና ማደሪያው አስቀድሞ እንዲረጋገጥ ማድረግ፤
- ከቡድን የቀረች ልጅ ለምን እንደቀረች መመዝገብ፤ ምክንያቱ ጋብቻ ከሆነ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በወቅቱ እንዲያውቁት ማድረግ፡፡

ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ልዩ ትኩረት ይሻል፡፡ የቡድን ስም ዝርዝር በየሳምንቱ የሚጠራ በመሆኑ አንዲት ልጅ ከሜዳ መቅረቷ ከማንኛውም ሪፖርት ቀድሞ ይታወቃል፡፡ በመሆኑም የስፖርት ቡድን ተጫዋች ከማፍራት ባሻገር ልጃገረዶች በትምህርት ገበታቸው ላይ መቆየታቸውን ለመከታተል ያገለግላል፡፡

ማጠቃለያ

ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን በየዓመቱ የካቲት ወር ላይ ሲከበር ሴት ስፖርተኞችን መሸለም ተገቢ ነው፡፡ የድጋፉ መለኪያ ግን በዕለቱ የተሸለሙት ቁጥር ሳይሆን፣ በዓመቱ የካቲት በዚያው ሜዳ ላይ የሚገኙት ልጃገረዶች ቁጥር ነው፡፡ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚገኙ ጽሕፈት ቤቶችም ዕቅዳቸውን በዚህ መለኪያ ቢመዝኑ ለአካባቢው ልጃገረዶች የሚሰጡት ዕውቅና ከወረቀት ወደ ተግባር የሚሸጋገር ይሆናል፡፡