ኢንዴክሱ ላይ የሌለው ወር

የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ነሐሴ በር አንኳኩታ ገባችና ሳትቀመጥ፣ "ጋሼ፣ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይንገሩኝ" አለችኝ። ከአቃቂ ድልድይ ወዲያ ያለ አንድ ፋብሪካ ለደመወዝ ክፍል ሠራተኛ ይፈልጋል። የጽሑፍ ፈተናውን አልፋለች፤ የቀራት የተግባሩ ነው፤ ተግባር ማለት ደግሞ ኤክሴል ነው። የሒሳብ ዲፕሎማዋ ከነሲኦሲው፣ ከነብቃት ማረጋገጫው፣ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ዩቲዩብስ ብላት፣ "ሰውዬው ይሮጣል፤ እያቆምኩ ስመልሰው ደግሞ ካርዴ ያልቃል" አለች።

መደርደሪያዬን በረበርኩና ሦስት አወጣሁላት። አንዱ ሽፋኑ የተገነጠለ የማሠልጠኛ ጥራዝ ነው። ሁለተኛው በስፓይራል የታሰረ ሞጁል፣ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ፤ የስክሪኑ ሥዕል ሁሉ ጥቁር ሣጥን ሆኗል፣ ከታች ግን "በሥዕሉ ላይ እንደሚታየው" ይላል። ሦስተኛው ከውጭ የመጣ፣ ጡብ የሚያክል፣ ገጹ ከሺህ የሚበልጥ ነው። ልጅቱ እጇን የዘረጋችው ወደ ጡቡ ነበር። ሁላችንም እንደዚያው ነን፤ ውፍረት ዕውቀት ይመስለናል።

ከመስጠቴ በፊት ግን የሁለቱን የአገር ቤት ጥራዞች ዕድሜ አብረን አየን። እዚህ አገር የታተመ የኤክሴል ማስተማሪያ የታተመበትን ዓመት ቢደብቅ እንኳ የፔሮል መልመጃው ያሳብቅበታል። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ 150 ብር ከሆነ መጽሐፉ የአዋጅ 286/1994 ልጅ ነው። 600 ብር ከሆነ የአዋጅ 979/2008 ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዋጅ 1395/2017 ደግሞ ወለሉን 2,000 ብር አድርሶታል። 5,000 ብር የሚከፈለውን ሠራተኛ በሦስቱም አስላነው። በመጀመሪያው 1,087.50 ብር ግብር ይቆረጥበታል፣ በሁለተኛው 697.50፣ ባሁኑ 500። ሽፋን የሌለው ጥራዝ ባለ 150ው ነበር፤ ልጅቱ እሱን ተማምና ብትፈተን ኖሮ ሰውዬውን ከ580 ብር በላይ ትበላው ነበር።

"እንግዲያው ሁለቱም አይረቡም" አለች። እኔ ግን አልተስማማሁም፤ ምክንያቱን ለመንገር ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

በዚህ በእኛ ሰፈር የቢሮ ሥራ ከፋብሪካው ጋር አብሮ ነው የመጣው። አቃቂ የባቡሩ ጣቢያ ነበረች፤ በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው የሬዲዮ ጣቢያም እዚሁ ነው የተተከለው። ከዚያ ከህንዱ የቢርላ ኩባንያ ጋር በሽርክና የቆመው የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ መጣ፤ ቃሊቲም ብረታ ብረቱን፣ ብስኩቱንና ፓስታውን ያዘ። ፋብሪካ ባለበት ሁሉ ደመወዝ ክፍል አለ፣ ንብረት ክፍል አለ፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የሚባሉት የንብረት ገቢና ወጪ ቅጾች አሉ፣ እነዚህን የሚጽፍም ሰው አለ። ያ ሰው ለመሣሪያው፣ ለጽሕፈት መኪናው፣ መጽሐፍ አያስፈልገውም ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና መላ ሲፈልጉ፣ ከሁለት መቶ የሚበልጠው ፊደላችን መቶ በማይሞላ የቁልፍ ምት መጻፍ ነበረበትና፣ ቅጥያው በቁርጥራጭ እየታከለ ፊደሉ ተሟላ። ኋላ ኦሊቬቲም የተከተለው ይህንኑ የመቀጠል ዘዴ ነው። ለጸሐፊዋ ግን ነገሩ አንድ ጊዜ የሚለመድ የጣት ሥራ ነው። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትና ተከታዮቹ በዐሥር ጣት መምታት አስተማሯት፤ መኪናው ሳይለወጥ እሷ ጡረታ ወጣች። ቁልፎቹ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቦታ ቀይረው አልጠበቋትም።

ኮምፒውተር ያመጣው መከራ ይህ ነው፤ ቦታ መቀየር።

በደርግ መጨረሻና በኢሕአዴግ መጀመሪያ ቢሮ የገቡት ኮምፒውተሮች በዶስ የሚሠሩ ነበሩ። ለደብዳቤ ዎርድስታር ወይም ዎርድፐርፌክት፣ ለሒሳብ ሎተስ 1-2-3። ፕሮግራሙ በትውልድ አገሩ ሲሸጥ ከነወፍራም መመሪያው በካርቶን ታሽጎ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ከዲስኬት ወደ ዲስኬት እየተገለበጠ ስለመጣ መመሪያው መንገድ ላይ ቀረ። ለማጣቀሻ መጽሐፍ የነበረን ጥማት አንዱ ምንጭ ይህ ይመስለኛል፤ ሶፍትዌሩን በነፃ ስላገኘን መጽሐፉን በገንዘብ ፈለግን። በቢሮው አንድ ሰው ከውጭ ያመጣው መጽሐፍ ካለ ያ ሰው አለቃ ነበር። እኔ የማስታውሰው አንድ ኃላፊ መጽሐፉን ከካዝናው ጋር ይቆልፍበት ነበር፤ ጥያቄ ስንይዝ ሄደን እንጠይቃለን፣ ከፍቶ አንብቦ መልሶ ይቆልፍና መልሱን በቃሉ ይነግረናል።

በውጩ ዓለምም መጽሐፉ ራሱ ገበያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1991 ዳን ጉኪን የተባለ አሜሪካዊ ስለ ዶስ "ለጅሎች" የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ ሰጥቶ አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ ርዕሱ እያስቆጣም እያሳቀም ተሸጠ፣ ተከታታዩም ቢጫና ጥቁር ለብሶ ዓለምን አዳረሰ። እዚህ ደርሶ ያየሁት ሰው ሽፋኑን በጋዜጣ ለብዶ ነበር የሚያነበው። እውነቱን ለመናገር ግን ያ ተከታታይ አንድ ነገር ገብቶት ነበር፦ የቢሮ ሰው መጽሐፍን ከሀ እስከ ፐ አያነብም። የሚከፍተው ሲቸግረው ብቻ ነው፤ የቸገረውን አግኝቶ ይዘጋዋል። ስለዚህ የማጣቀሻ መጽሐፍ ነፍሱ ከፊቱ ካለው የምዕራፍ ማውጫ ይልቅ ከኋላው ያለው ኢንዴክስ ነው። አገር ውስጥ ከታተሙት ባየኋቸው ላይ ደግሞ በብዛት የሚቀረው እሱ ነው። ኢንዴክስ ማውጣት አድካሚ ነው፤ ገጽ ይበላል፤ ሻጩም ገዢውም አይጠይቁትም።

የእኛ ጣጣ ግን ከዚህም ይብሳል፤ ፊደል አለን። በዶስ ዘመን ፍስሐ አጥላው በአሜሪካ፣ ሌሎችም በየፊናቸው ግዕዝን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ደከሙ። ከዚያ አጋፋሪ፣ ዋሸራ፣ ብራና፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ እየተባለ መጣ። በየፕሮግራሙ ፊደሉ የተቀመጠበት ቤት የተለያየ ነበር። አንዱ ቢሮ የጻፈው ደብዳቤ ሌላው ቢሮ ውስጥ ሲከፈት የዶላር ምልክትና ቃለ አጋኖ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ለግዕዝ ቋሚ ቤት ሰጠው፤ ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ መጣ። ቢሮዎቻችን ግን የቀድሞውን ለመተው ዓመታት ፈጀባቸው። የሠራተኛ ስም ዝርዝር በፓወር ግዕዝ የተጻፈበት ሠንጠረዥ ላይ ኤክሴልን "በፊደል ተራ ደርድር" ማለት ድመትን ገንዘብ ቁጠሪ እንደማለት ነው፤ ኤክሴል የሚያየው የላቲን ምልክቶችን ነውና። ከውጭ የመጣው ጡብ ስለዚህ ምንም አይልም። ምን አውቆ ይበል?

ዛሬ በዩኒኮድ ዘመን እንኳ የሚቀር ነገር አለ። ከስም ዝርዝር ደመወዝ ፈልጎ የሚያመጣውን ቪ-ሉክአፕ ያስተማረን መጽሐፍ ሁሉ ስሙ እንዲገጥም ይጠይቃል። አንዱ ጸሐፊ "ጸጋዬ" ሌላው "ፀጋዬ" ብሎ የጻፈ እንደሆነ ለኤክሴል ሁለት ሰዎች ናቸው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ኀይሉም እንደዚሁ። ደመወዝ ክፍል ለብዙ ጊዜ የሠራ ሰው በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ፈልግ የሚልህ ይህን ቀምሶ ነው።

ጥር 1999 ዓ.ም. ላይ የወጣው ኦፊስ 2007 ደግሞ ያንን የቦታ መቀየር ጣጣ በአንድ ሌሊት አባሰው። ከላይ ተንጠልጥሎ ይወርድ የነበረው ዝርዝር ጠፋ፣ በቦታው ሪበን የተባለው ባለ ሥዕል ቀበቶ ተዘረጋ። 65,536 የነበረው የኤክሴል ረድፍ 1,048,576 ሆነ፤ ይህ ለእኛ ብዙም አልገደደንም። የገደደን መጽሐፎቻችን መሞታቸው ነው። እኔ ራሴ የ2003ቱን መጽሐፍ ከግማሽ ደመወዜ የማያንስ አውጥቼ በገዛሁ በወሩ ቢሮአችን አዲሱን ጫነ። "ኢንሰርት የሚለውን ዝርዝር አውርድ፣ አራተኛውን ምረጥ" ይላል መጽሐፉ፤ የሚወርድ ነገር የለም። ንዴቴ ሲበርድ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። በቁልፍ የሚሠራውን አቋራጭ የሚያስተምሩት ገጾች ከሞላ ጎደል ደህና ነበሩ። ቀመር ምን እንደሆነ፣ የዶላር ምልክቱ አድራሻን ለምን እንደሚቸነክር የሚያስረዱትም እንዲሁ። የሞተው "የት ነው" የሚለው ብቻ ነው፤ "ለምን" የሚለው አልሞተም።

ለልጅቱም ያልኳት ይህን ነው። ሽፋን የሌለውን ጥራዝ ገልጬ አሳየኋት። ያዘጋጀው ሰው፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ የግብር መደቦቹን በአንድ ጥግ በሠንጠረዥ አስቀምጦ ቀመሩ ከዚያ እንዲያነብ አድርጓል። 150ን አጥፍተሽ 2,000 ብትጽፊ፣ ቀሪዎቹን መደቦችም ብታስተካክይ፣ ፔሮሉ በሙሉ ይታደሳል። ጥቁር ሣጥን የበዛበት ሞጁል ደግሞ ግብሩን በሰባት ተደራራቢ "ኢፍ" ቀመሩ ውስጥ ቀብሮታል፤ አዋጅ ሲለወጥ ያንን ገመድ መፍታት ከአዲስ መጻፍ ይከብዳል። አሮጌው ከአዲሱ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሚለወጠውን ከማይለወጠው ለይቶታል። ለ7 በመቶው የጡረታ መዋጮም እንደዚሁ አንድ ሕዋስ ለብቻው ሰጥቶታል።

"እሺ፣ ገበያ ሄጄ ብገዛስ?" አለች። ከቃሊቲ ቀላል ባቡሩን ይዛ ለገሃር ትወርዳለች፣ ከዚያ በእግሯ ወደ ብሔራዊ ቲያትር፤ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮቹ እዚያ አካባቢ ናቸው። የምትሄደው ግን ባዶ እጇን አይደለም። ፈተናው ላይ ይመጣል ብላ የምትፈራቸውን ሦስት ነገሮች በወረቀት ጽፋ ትያዝ። መጽሐፉን ስታነሳ መጀመሪያ ከኋላ ትክፈተው። ኢንዴክስ ከሌለው ትመልሰው። ካለው ሦስቱን ትፈልግ፤ ገጹን አውጥታ ሻጩ ሳይቆጣት በፊት አንዷን አንቀጽ ታንብብ። ካልገባት ሌላ ታንሳ። እኔ ብሆን አማርኛው እንዳያታልለኝም እጠነቀቃለሁ። አንዳንዱ አዘጋጅ ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ቃል ሁሉ ስለሚተረጉም አንባቢው ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ አንዱንም አያገኘውም። ሴቭን ሴቭ ብሎ፣ ምን እንደሚያደርግ በአማርኛ ያስረዳ ይሻላል፤ ደመወዝ ክፍል ውስጥ ሰው የሚያወራው እንደዚያ ነው። ማይክሮሶፍት የአማርኛ ገጽታ አውጥቶ ነበር፤ እኔ በሠራሁበት ቢሮ የጫነው ግን አላየሁም።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ሳልነግራት ልትወጣ ስትል ትዝ አለኝ። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩላት። ከጥቅምት 25 እስከ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዐሥር ቀን ነው፤ ወራችን ሠላሳ ስለሆነ ሕፃንም ይቆጥረዋል። ቀኑ ቀድሞ በሚጻፍበት ኮምፒውተር 25/02/2017 እና 05/03/2017 ብለሽ ብታቀናንሺ ግን ኤክሴል 8 ይልሻል፤ እሱ የሚያውቀው 28 ቀን ያለውን ፌብሩዋሪ ነው። አይጮህም፣ ቀይ አያበራም፤ ስምንት ብሎ ዝም። የጥቅምት 30ን ብትጽፊ ደግሞ ቀን ነው ብሎ አይቀበልሽም፣ እንደ ስም ያየዋል። ጡቡን መጽሐፍ ከፍቼ ዴይስ 360 የተባለውን ቀመር አሳየኋት፤ ዓመትን ባለ ሠላሳ ቀን ዐሥራ ሁለት ወር አድርገው ለሚያሰሉ የሒሳብ ሰዎች የተሠራ ነው። ለእነዚያ ሁለት ቀኖች ዐሥር ይላል። ሳያውቁት ለእኛ የሠሩት መሰለኝ፤ ጳጉሜን ላይ እስኪደርስ። ጡቡን ለዚህች ለአንዲት ገጽ ስትይ ውሰጂው ብዬ ከሽፋን አልባው ጋር አስያዝኳት። ሞጁሉ እኔው ዘንድ ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ የዓመቱ መጨረሻ ቀን ማታ፣ በስልኬ ፎቶ ላከችልኝ። የተነሳው የኮምፒውተር ስክሪን ነው፤ አንድ የቀን ዓምድ፣ ቀኖቹ ሁሉ እንደ ቁጥር ወደ ቀኝ ተጠግተው ተሰልፈዋል፣ ከታች ግን 05/13/2017 ብቻዋን ግራ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ቆማለች። ከሥሩ፣ "ጋሼ፣ ይቺን በሁለቱም መጽሐፍ ፈልጌ አጣኋት። ለብቻዋ ዓምድ ልስጣት?" ይላል።

ስጪያት አልኳት።